ውድ የሌለበት ከተማ

ሄልቪ እኅቴ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤
«በዚያች ጡረታ እንዴት ትኖራለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ታውቂው የለም ወይ የኡሉን ኑሮዬን?
ሠላሳ አምስት ዓመት ለሰው ሳድል ደብዳቤ፣ ሳልጽፍ የራሴን፣
በፊት በር የገባው ደመወዝ በጓሮ ሲወጣ፣
ማሞቂያው ቀድሞኝ በልቶ፣ እኔ ለትርፍራፊው ስመጣ፤
ወይ መብራት ወይ ሥጋ፣ ወይ ጫማ ወይ ጥርስ፣
አንዱን ደፈንኩ ስል ሌላው ሲፈርስ።

ዳላት ደጋ ናት፤ ጥድ በጥድ፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ማታ ኮት፤
የቬትናም ሙሽሮች ሁሉ ሊናፈሱ የሚወጡባት።
እዚህ ሚሊየነር ነኝ፤ አትሳቂ፣ እውነቴን!
ሃያ ሺህ ዘርግፌ ነው የምገዛው አንድ እስር ሽንኩርቴን።
ዜሮው ብዛቱ! እንደ ባዶ ሳህን ተደርድሮ፣
አንዲት ቁጥር ከፊት፣ ለዚያ ሁሉ አፍ እናት ሆና ይዛ ኑሮ።

ደብተር አለኝ፤ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ እመዘግባለሁ፦
ኪራይ፣ ሦስት ሚሊዮን። ሩዝ፣ ዕንቁላል፣ የጉልበት ቅባት፤ ቅዳሜ ጠጉሬን እስተካከላለሁ፤
እንጆሪ በኪሎ፣ በጥር ወር፣ ከንፈሬ እስኪቀላ፤
ያ ሽራፊው ጥርሴ ተተክሎ፣ ለውዝ ይሰብራል ይኸው ሲበላ።
ወሩ አልቆ ገንዘቡ አላለቀም። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣
ስሕተት መስሎኝ ሦስቴ ደመርኩ።

እሑድ ሐይቋ ላይ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጀልባ በእግራቸው ሲዘውሩ፣
እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ለውዜን ስፈለፍል፣ እነሱ ሲዞሩ።

አከራዬ ባ ቱየት ይባላሉ፤ «ቱየት» በቋንቋቸው በረዶ ነው፤
እይው እንግዲህ ዕጣዬን፣ ከበረዶ ሸሽቼ በረዶ ቤት ማደር ነው።
አይተውት አያውቁም። «ሲወርድ ይጮኻል ወይ?» አሉኝ አንድ ማለዳ፣
ሾርባዬን እየቀዱ፣ ቅጠሉን እየበጠሱ በጓዳ።
«ዝም ነው የሚለው» አልኳቸው። «እንዳንተ፣ ቬይኮ» ብለው ሳቁ፣
የሾርባውንም ዋጋ ሳይነግሩኝ ወደ ሥራቸው ዘለቁ።

አንድ ቀን በሬን ስወለውል፣ በመቃኑ ላይ፣
የእርሳስ ጭረት አየሁ፤ ከቀለሙ ሥር፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤
የታችኛው ከጉልበቴ፣ የላይኛው ከትከሻዬ፣
በያንዳንዱ አጠገብ ዓመቱ። እኔ «ክፍሌ» ስል፣ «አልጋዬ»፣
ለካ የካንግ ነው፣ የልጃቸው፤ ቆላ ወርዶ ጫማ ይሰፋል፣
አሥራ ሁለት ሆነው በሚያድሩበት ቤት በፈረቃ ያንቀላፋል።

ለቴት በዓል መጣ፤ ሰሌን አንጥፎ ወጥ ቤት ተኛ።
«አልጋህ ይኸው» አልኩት በእጄ። ሳቀ። «አንተ ባለኪራይ፣ እኔ መንገደኛ።»
ደግሞ፣ «ስንት ትከፍላለህ?» አለኝ። ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ፤
«የአሥር ቀን ጫማ» አለና፣ እሳቱን ይቆሰቁስ ጀመረ።
«ላንተስ በወር ስንት ይገባል?» ቆይቶ ጠየቀ፣ ፊቱን አዙሮ፤
ሄልቪ፣ የሰው ፖስታ አንድም ቀን ያልከፈትኩት ሰውዬ፣
ግማሹን ነገርኩት፤ ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ፣ «እዚህ ውድ የለም» ነበር ያልኩሽ፤
አሁን ሳስበው ሌላ ይላል፤ ላንቺም ሌላ ሳይልሽ አልቀረም፣ ለዚህ ይሆናል የጠየቅሽ።

ኪራዩ ላይ አንድ ሚሊዮን ጨመርኩ። ባ ቱየት ተቀበሉ፣ ዝም ብለው።
በነጋታው ደጄ ላይ አንድ ቅርጫት እንጆሪ፣ ጤዛው ገና ያልለቀቀው፤
በሳምንቱ ሹራብ፣ ለካንግ የተጀመረ፣ እጅጌው በኔ ልክ ተቀጥሎ።
ገቢ ነው? ወጪ ነው? ደብተሬን ገልጬ አመሸሁ፤ ብዕሬ መስመሩ ላይ ቀረ፣ ተንጠልጥሎ።

ነይ፣ ሄልቪ። ጎረቤት አንድ ክፍል ባዶ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው፤
ኪራዩን አልነግርሽም፤ እሱን ትደርሺበታለሽ፤ እሱ አይደለም የሚያስፈራው።
ብቻ ሻንጣሽን ሳታወርጂ፣ እጅሽን መቃኑ ላይ አሳልፊ፤
ጭረት ካለበት፣ የማን ቁመት እንደ ሆነ ጠይቂ፣
ደብተርሽ ላይ አስቀድመሽ እሱን ጻፊ።